ሁለተኛዋ የድምፅ ወረቀት፦ ከጎጃም እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት

ሐምሌ 2017 ዓ.ም. የጃፓን ገዢ ጥምረት በላይኛው ምክር ቤት የነበረውን አብላጫ መቀመጫ አጣ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ደግሞ የአሜሪካ ሴኔት ከዴሞክራቶች ወጥቶ በ53 ለ47 በሪፐብሊካኖች እጅ ገብቶ ነበር። እንዲህ ያሉ ዜናዎች ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም ሲደርሱ አንድ ጥያቄ ያስከትላሉ። የእኛስ ላይኛው ቤት መቼ ነው የሚመረጠው? የያዘውስ ማን ነው?

የሚሰማው መልስ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንዳንዱ «እሱማ አይመረጥም፣ ይሾማል» ይላል። ሌላው «ከተወካዮች ምክር ቤት ጋር አብሮ ይመረጣል» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላት ይመረጣሉ፤ የሚመርጧቸው ግን የክልል ምክር ቤቶች ናቸው። መራጩ ሕዝብ በተግባር በእጁ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የክልሉን ምክር ቤት መምረጥ። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን በምርጫ የሚፈጠረው የፓርቲዎች ሚዛን ላይኛው ቤት ሲደርስ መልኩን የሚቀይረው እዚህ መንገድ ላይ ነው።

«ላይኛው» ምን ያህል ላይኛው ነው?

ላይኛው ምክር ቤት ሲባል በብዙ አገሮች ሕግ አውጪ ማለት ነው። ታችኛው ቤት ያወጣውን ሕግ ያያል፣ ያሻሽላል፣ አንዳንዴም ያግዳል። የአሜሪካ ሴኔት ካልተስማማ ሕግ የሚባል ነገር አይወጣም። ስለዚህ እዚያ አንድ መቀመጫ ከአንዱ ፓርቲ ወደ ሌላው ሲሄድ አገር ይነጋገርበታል።

የእኛ ከዚህ ይለያል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 53 ሁለት የፌዴራል ምክር ቤቶች እንዳሉ ይናገራል። ሕግ የሚያወጣው ግን አንዱ ብቻ ነው፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይሰበሰባል። በጀት አያጸድቅም፣ ሚኒስትር አይሾምም፣ ተራ አዋጅም አይመረምርም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን የሚይዘው በታችኛው ቤት አብላጫ መቀመጫ ስላለው እንጂ በላይኛው አይደለም።

በዚህ የተነሳ አንዳንድ የሕግ ባለሙያዎች አገሪቱ ስሟ ሁለት ምክር ቤት ይሁን እንጂ በተግባር አንድ ምክር ቤት ብቻ አላት ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ተቃራኒውን ይላሉ። በአብዛኛው አገር ለፍርድ ቤት የተተወውን ሕገ መንግሥት የመተርጎም ሥልጣን የያዘው ይኸው ቤት ነው። ክልሎች በወሰን ሳይስማሙ ሲቀሩ የሚወስነውም እሱ ነው። ክልሎች ከፌዴራል የሚያገኙት ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር ያወጣል። የሕገ መንግሥቱ ሥርዓት አደጋ ላይ ሲወድቅ የፌዴራል ጣልቃ ገብነት ያዝዛል። ይህን ሁሉ የያዘ ቤት እንዴት ደካማ ይባላል?

ለእኔ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚለያዩት የሚያዩበት ቀን ነው። በአዘቦት ቀን ቤቱ መኖሩም ይረሳል። ክፉ ቀን ሲመጣ ግን የመጨረሻው ቃል የሱ ይሆናል።

ጎጃም ላይኛው ቤት የሚባለውን ነገር የሚያውቀው ዛሬ አይደለም። በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ የሚባሉ ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቁመው ነበር። የመወሰኛው አባላት በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ሲሻሻል የመምሪያው አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ተደረገ፤ መወሰኛው ግን በሹመት ቀጠለ። ይኸው ፓርላማ ነው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅን ያጸደቀው። በ1960 ዓ.ም. አዋጁ ጎጃም ሲደርስ ገበሬው «ርስቴ ሊቆጠር ነው» ብሎ አመፀ። ጦር ተላከ። መጨረሻ ላይ አገረ ገዢው ተነሱ፣ ውዝፍ ግብሩም ተማረ። ሕግ የሚያጸድቀው ቤትና ሕጉ የሚያርፍበት ቀዬ ምን ያህል ተራርቀው እንደነበር ከዚህ የተሻለ ማሳያ አይገኝም። «ላይኛው ቤት ይሾማል» የሚለው ግንዛቤ እስከ ዛሬ የቆየው ምናልባት ከዚያ ዘመን ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ይሆናል።

መራጩ የሚይዛቸው ሁለት ወረቀቶች

በጠቅላላ ምርጫ ቀን አንድ መራጭ ሁለት ወረቀት ይሰጠዋል። አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ሌላው ለክልል ምክር ቤት። ወሬው፣ ክርክሩ፣ ፖስተሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው በመጀመሪያው ላይ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር የሚወጣው ከዚያ ስለሆነ አይገርምም። ሁለተኛዋ ወረቀት ግን ከምትመስለው በላይ ትሠራለች። የክልሉን መንግሥት ትመሠርታለች፤ በዚያው መንገድ ደግሞ ላይኛውን ቤት ትሞላለች።

አካሄዱ ከእድር ብዙም አይርቅም። እድርተኛው ዳኞቹን ይመርጣል፤ ዳኞቹ ተሰብስበው ደግሞ ሌላ እድር ጋ የሚላከውን ተወካይ ይመርጣሉ። እድርተኛው ተወካዩን በቀጥታ አልመረጠውም፤ ግን ዳኞቹ እነማን እንደሆኑ ካወቀ ማን እንደሚላክ መገመት አያቅተውም። ይህ ዓይነቱ አካሄድ ተዘዋዋሪ ምርጫ ይባላል።

አንቀጽ 61 ለክልሎች ሁለት አማራጭ ሰጥቷል። የክልል ምክር ቤት ራሱ ይመርጣል፤ ወይም ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ ያደርጋል። ክልሎች በልማድ የያዙት የመጀመሪያውን ነው። የሚላኩትም ብዙ ጊዜ ቀድሞውኑ የክልል ሥልጣን ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ርዕሰ መስተዳድሮች፣ አፈ ጉባኤዎች፣ የቢሮ ኃላፊዎች። ስለዚህ ቤቱ የሕዝብ ወኪሎች ጉባኤ ከመሆን ይልቅ የክልል መንግሥታት መገናኛ ሆኗል የሚል ትችት ከምሁራን ሲሰነዘር ቆይቷል።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት። መቀመጫው የሚሰጠው ለቦታ ሳይሆን ለብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ነው። «የጎጃም ወንበር» የሚባል ነገር የለም። የአማራ ሕዝብ ወንበሮች አሉ። የአዊ ሕዝብ ደግሞ የራሱ ወንበር አለው፤ እንጅባራን ማዕከሉ ያደረገው የአዊ ዞን በአማራ ክልል ውስጥ ቢሆንም ተወካዩ የሚቆጠረው በአዊነቱ ነው። ሁለቱንም የሚመርጠው ግን ባሕር ዳር የሚሰበሰበው የክልሉ ምክር ቤት ነው።

አዲስ አበባ የሚኖረው ጎጃሜስ? እሱ ለተወካዮች ምክር ቤት ይመርጣል። የአማራ ሕዝብ ቁጥር ሲሰላም ይቆጠራል። ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚያደርስ ወረቀት ግን የለውም፤ አዲስ አበባ ክልል ስላልሆነች። ቁጥሩ ወንበር ይጨምራል፣ ድምፁ ግን ወንበሩን አይነካም።

ስልሳው እንዴት መቶ ይሆናል

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። በእኛ አገር ምርጫ የሚሸነፈውና የሚያሸንፈው በአብላጫ ድምፅ ነው። አብላጫ ሲባል ከግማሽ በላይ ማለት ላይሆን ይችላል። በአንድ የምርጫ ክልል ሦስት ዕጩዎች 40፣ 35 እና 25 ከመቶ ቢያገኙ ባለ 40ው ወንበሩን ይወስዳል። የቀሩት 60 ከመቶ ድምፆች ወንበር ሳያመጡ ይቀራሉ። (የምርጫ ክልልና ክልል አንድ አይደሉም። የምርጫ ክልል ለተወካዮች ምክር ቤት አንድ ወኪል የሚወጣበት ትንሽ አካባቢ ነው።)

ይህ የመጀመሪያው ማጣሪያ ነው። ላይኛው ቤት ሁለተኛ ማጣሪያ ይጨምራል። የክልሉ ምክር ቤት የላይኛውን ቤት አባላት ሲመርጥ እንደገና በአብላጫ ነው። እንበልና አንድ ፓርቲ ከምክር ቤቱ 60 ከመቶ መቀመጫ ያዘ። የዕጩዎች ዝርዝር ይቀርባል፤ እጅ ይወጣል፤ 60 ከመቶው ያሸንፋል። ለእያንዳንዱ ወንበር ይኸው ይደገማል። መጨረሻ ላይ 60 ከመቶ የነበረው ፓርቲ ከሚላኩት ሰዎች መቶ በመቶውን ሊይዝ ይችላል።

1997 ዓ.ም. ይህን ያሳየ ዓመት ነው። በዚያ ምርጫ ተቃዋሚዎች ከ547ቱ የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ከ170 በላይ አሸነፉ። ቅንጅት ብቻውን 109 ወሰደ። በአማራ ክልል ምክር ቤትም ከ294 መቀመጫዎች ተቃዋሚው ከመቶ በላይ እንዳገኘ ተገለጸ። ይህ ከክልሉ ምክር ቤት አንድ ሦስተኛውን የሚያልፍ ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ግን የኢሕአዴግና የአጋሮቹ እንደሆነ ቀጠለ። ታች የተንቀጠቀጠው ሚዛን ላይ ሲደርስ ምንም አልመሰለም። ከምርጫው በኋላ የመጣው ውዝግብና ብዙ ተመራጮች ወንበራቸውን አለመረከባቸው የራሱ ታሪክ ነው፤ ግን እነሱ ሁሉ ቢገቡ ኖሮም የላይኛው ቤት ስሌት በዚህ አሠራር አይለወጥም ነበር።

በ2002 እና በ2007 ይህ ጥያቄ ራሱ አልነበረም። በ2002 ገዢው ግንባርና አጋሮቹ ሁለት ወንበር ሲቀር ሁሉንም ወሰዱ፤ በ2007 ደግሞ ሁሉንም። ታችም ላይም አንድ ሆነ። በ2013 ብልጽግና በመጀመሪያው ዙር ውጤት 410 መቀመጫ ያዘ። አብን አምስት፣ ኢዜማ አራት፣ የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት ሁለት፣ የግል ተወዳዳሪዎች አራት አገኙ። እነዚህ ጥቂት ድምፆች ታችኛው ቤት ገብተው ሲናገሩ ሕዝብ ሰምቷቸዋል። ላይ ግን በዚህ መንገድ የሚወጡበት መሰላል የለም።

ሌሎች አገሮች ይህን ችግር እንዴት አዩት? የሕንድ ላይኛው ምክር ቤት ራጅያ ሳባ ይባላል። አባላቱን የሚመርጡት እንደ እኛው የክልል ምክር ቤቶች ናቸው። ልዩነቱ ስሌቱ ላይ ነው። ሕንዶች የተመጣጣኝ ውክልና ይጠቀማሉ፤ ማለትም በክልሉ ምክር ቤት 60 ከመቶ ያለው ፓርቲ ከአሥር ወንበር ወደ ስድስት ያገኛል፣ የቀረውን ሌሎቹ ይካፈላሉ። ስለዚህ ሕንድ ውስጥ የአንድ ክልል ምርጫ ውጤት ከጊዜ በኋላ በላይኛው ቤት ሚዛን ላይ በልኩ ይታያል።

አሜሪካኖች ደግሞ ሌላ መንገድ ሄዱ። እስከ 1913 እ.ኤ.አ. ድረስ ሴናተሮችን የሚመርጡት የክልል ምክር ቤቶች ነበሩ። ምክር ቤቶቹ ሲከፋፈሉ ወንበሮች ለወራት ባዶ ይቀሩ ነበር፤ የጉቦ ወሬም አይጠፋም ነበር። ሕገ መንግሥታቸውን አሻሽለው ምርጫውን ለሕዝብ ሰጡት። ዛሬ የሴኔት ሚዛን ተገለበጠ የሚል ዜና የምንሰማው በዚያ ለውጥ ምክንያት ነው።

ሚዛኑ ያለ ምርጫ የተለወጠበት ዓመት

የፌዴሬሽን ምክር ቤትን የፓርቲ አሰላለፍ በእውነት የለወጠው ክስተት የመጣው በምርጫ አይደለም። የመጣው በፓርቲ ውህደት ነው። ኅዳር 2012 ዓ.ም. ከአራቱ የኢሕአዴግ ድርጅቶች ሦስቱና አጋር ይባሉ የነበሩት ተዋህደው ብልጽግናን መሠረቱ። ሕወሓት አልገባም። ማንም ድምፅ ሳይሰጥ፣ ማንም ወንበር ሳይለቅ፣ ትናንት የአንድ ግንባር አባላት የነበሩ ሰዎች በማግስቱ ገዢና ተቃዋሚ ሆነው ተገኙ።

ከዚያ ወራት በኋላ ኮቪድ መጣና 6ኛው ጠቅላላ ምርጫ ተራዘመ። የምክር ቤቶቹ ዘመን ሊያልቅ ነው። ታዲያ እስከ ምርጫው ማን ያስተዳድር? ሕገ መንግሥቱ ይህን በግልጽ አይመልስም። ጥያቄው ለትርጉም ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ሄደ። ሰኔ 1 ቀን 2012 የቤቱ አፈ ጉባኤና የሕወሓት አባል ኬሪያ ኢብራሂም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ሰኔ 3 ቤቱ በ114 ድጋፍ፣ በ4 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተአቅቦ የምክር ቤቶቹንና የአስፈጻሚውን ዘመን አራዘመ። ትግራይ ጳጉሜን 4 የራሷን ምርጫ አካሄደች፤ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደግሞ ያ ምርጫ እንደማይጸና ወሰነ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል።

ውሳኔው ትክክል ነበር ወይ የሚለው ዛሬም ያከራክራል። የደገፉት ወረርሽኝ ባለበት ሌላ ሕጋዊ መውጫ አልነበረም ይላሉ። የተቃወሙት ደግሞ የራሱን ዘመን ራሱ የሚያራዝም ቤት ዳኛ ሊሆን አይችልም ይላሉ፤ በጉዳዩ ላይ የፓርቲዎች ውይይት ይቅደም የሚሉም ነበሩ። አንድ ነገር ግን አያከራክርም። «ሕግ አያወጣም፣ ምን ያደርጋል» ይባል የነበረው ቤት በአንድ ቀን ድምፅ የአገሪቱን የሥልጣን ዘመን ወስኗል።

ቆጠራው ሌላው ምርጫ ነው

የላይኛውን ቤት ሚዛን የሚለውጥ ሌላም ነገር አለ፤ የሕዝብ ቆጠራ። በአንቀጽ 61 መሠረት እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ወኪል አለው። በአንድ ሚሊዮን ሕዝብ ደግሞ አንድ ይጨመርለታል። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ የአገሪቱ ሕዝብ ወደ 74 ሚሊዮን፣ የአማራ ሕዝብ 19.9 ሚሊዮን ገደማ፣ የአዊ ሕዝብ ደግሞ 630 ሺህ ገደማ ተብሎ ተመዘገበ። በዚህ ስሌት ለአማራ አንድ ሲደመር 19 ይሆናል፤ ለአዊ አንድ።

ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲደረግ ሕገ መንግሥቱ ያዝዛል። አራተኛው ቆጠራ ግን በተደጋጋሚ ተራዘመ፤ ሰኔ 2011 ላይም ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው ማራዘሙን አጽድቀዋል። እስከ ዛሬ ወንበሩም፣ ድጎማውም የሚሰላው አንድ ትውልድ ሊሞላው በቀረበው ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ነው። በዚያ ላይ የ1999ኙ ቆጠራ የአማራን ሕዝብ ቁጥር አሳንሷል የሚለው ቅሬታ ገና ያኔ ፓርላማ ድረስ ደርሶ ነበር።

አዲስ ቆጠራ ቢደረግ ምን ይሆናል? ብዙ ሰው የሚያስበው «የእኛ ይጨምራል ወይስ የእነሱ» ብሎ ነው። ከዚያ በላይ የሚያሳስበው ሌላ ስሌት ነው። ለብዙዎቹ ትናንሽ ሕዝቦች የተሰጠችው አንዷ ወንበር ሕዝብ ቢጨምርም አንድ ሆና ትቀጥላለች፤ ሚሊዮን እስኪሞሉ ድረስ። ለትልልቆቹ ግን በየሚሊዮኑ ይጨመራል። የአገሪቱ ሕዝብ ከ1999 ወዲህ በብዙ አሥር ሚሊዮኖች አድጓል። ስለዚህ አዲስ ቆጠራ የአማራን፣ የኦሮሞን፣ የሶማሌን ወንበር ሲያበዛ የትናንሾቹን ድርሻ ያሳንሳል። ቤቱ የተሠራው ትንሹ በትልቁ እንዳይዋጥ ነበር። ቆጠራ በመጣ ቁጥር ፖለቲካው የሚግለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጎጃም ምን ያገባዋል?

ብዙ። ከሩቁ የሚመስለው ነገር ሲጠጋ የእለት ጉዳይ ነው።

አንደኛው ድጎማ ነው። የተወካዮች ምክር ቤት ለክልሎች በጥቅሉ ምን ያህል ብር እንደሚሰጥ ይወስናል። ያ ብር ለየክልሉ በምን ቀመር ይከፋፈል የሚለውን ግን የሚወስነው ፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የሞጣ ጤና ጣቢያ መድኃኒት፣ የደጀን መምህር ደመወዝ፣ የቡሬ ወረዳ መንገድ መነሻው ይህ ቀመር ነው። ቀመሩ ውስጥ የሕዝብ ቁጥር ትልቅ ክብደት አለው። ስለዚህ ቆጠራው እዚህም ይመጣል።

ሁለተኛው ወሰን ነው። መተከል በዘውዱ ዘመን የጎጃም ጠቅላይ ግዛት አካል ነበር። ዛሬ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ውስጥ ነው። የአካባቢው ግጭት ያለቀ ጉዳይ አይደለም። ክልሎች በወሰን ካልተስማሙ በአንቀጽ 48 መሠረት የሕዝቡን አሰፋፈርና ፍላጎት አይቶ በሁለት ዓመት ውስጥ መወሰን ያለበት ፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ጉዳዩ በሕግ መንገድ ከሄደ መጨረሻው እዚያ ነው።

ሦስተኛው ብዙ የሚያምታታ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የሚኒስትሮች ምክር ቤት በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። ነሐሴ 8 የተወካዮች ምክር ቤት አጸደቀው። ጥር 24 ቀን 2016 ደግሞ ለአራት ወር አራዘመው። ፌዴሬሽን ምክር ቤት በዚህ ውስጥ ድምፅ አልነበረውም፤ የአስቸኳይ ጊዜ የታችኛው ቤት ሥልጣን ነውና። የላይኛው ቤት ሥልጣን የፌዴራል ጣልቃ ገብነት የሚባለው ነው። አንድ ክልል ራሱ ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን አደጋ ላይ ሲጥል የፌዴራል መንግሥት እንዲገባ ያዝዛል። ሁለቱ ወታደር በሚያመጡበት መንገድ ይመሳሰሉ ይሆናል፤ ማን ወሰነ የሚለው ግን ይለያል። ጎጃም ውስጥ «ፓርላማው ነው» ሲባል የትኛው ፓርላማ እንደሆነ ማወቁ ቅሬታን ለማን ማቅረብ እንዳለበት ይወስናል።

በቀጥታ ይመረጥ?

ሕዝቡ በቀጥታ ይምረጥ የሚሉ ሰዎች መከራከሪያቸው ግልጽ ነው። የመረጠህን ሰው ታውቀዋለህ፤ እሱም ያውቅሃል። ሕገ መንግሥቱም ይፈቅዳል፤ ማሻሻያ አያስፈልግም።

የሚቃወሙትም የሚናገሩት አላቸው። ቤቱ የሕዝቦች እንጂ የፓርቲዎች አይደለም፤ በፓርቲ መቁጠሩ ራሱ ስህተት ነው ይላሉ። በቀጥታ ምርጫ ቢሆን የአዊን ወኪል ማን ይመርጣል? በአዊ ዞን የሚኖረው ሁሉ? ወይስ አዊ የሆነ ብቻ፣ የትም ቢኖር? መራጭን በብሔር መመዝገብ ደግሞ በተለይ አሁን ባለው ስሜት የማይነካ እሳት ነው። ይህ ስጋት ቀላል አይመስለኝም።

በእኔ አመለካከት ብዙ ያልተወራበት ሦስተኛ መንገድ አለ። ሕገ መንግሥቱ የክልል ምክር ቤቶች በምን ስሌት እንደሚመርጡ አይዘረዝርም። አንድ የክልል ምክር ቤት ከፈለገ እንደ ሕንዶቹ በመቀመጫ ድርሻ ልክ ሊያከፋፍል ይችላል። ይህ ቢሆን በ1997 ዓ.ም. የታየው ዓይነት ሚዛን እስከ ላይኛው ቤት ይደርስ ነበር። አብላጫ ያለው ፓርቲ ይህን በፈቃዱ ያደርጋል ወይ? ለዚያ ምክንያት የሚኖረው ነገ እሱ ራሱ አናሳ ሊሆን እንደሚችል ሲያምን ነው። እስካሁን እንዲህ ያመነ የለም።

ድምፅ ያልተሰጠበት ወረዳ

ለጎጃም ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው። ከ2015 ሐምሌ ወዲህ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ያለው ውጊያ ክፉኛ ከጎዳቸው አካባቢዎች የጎጃም ዞኖች ዋነኞቹ ናቸው። በእንዲህ ዓይነት ሁኔታ በ7ኛው ጠቅላላ ምርጫ የትኛው የምርጫ ክልል ድምፅ ይሰጥበታል፣ የትኛውስ አይሰጥበትም የሚለው ከፓርቲዎቹ ፉክክር እኩል ውጤቱን ይወስናል። በ2013 ምርጫም በአማራ ክልል በጸጥታና በሎጂስቲክስ ምክንያት ድምፅ ያልተሰጠባቸው ቦታዎች ነበሩ። በትግራይ ደግሞ ምርጫው ጭራሹኑ ስላልተካሄደ 38 የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች ባዶ ቀሩ።

እዚህ ላይ ሁለቱ ቤቶች በጣም ይለያያሉ። አንድ የምርጫ ክልል ድምፅ ካልሰጠ በታችኛው ቤት ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ባዶነቱ ይታያል፤ ይቆጠራል፤ ሰው ይጠይቅበታል። ላይኛው ቤት ላይ ግን ባዶ ወንበር አይታይም። የአማራ ሕዝብ ወንበሮች ብዛት የተወሰነው በሕዝብ ቁጥር ነው፤ ጎጃም ድምፅ ሰጠም አልሰጠም አይቀንስም። የሚለወጠው መራጩ ነው። የክልሉ ምክር ቤት በተገኙት አባላት ይሰበሰባል፤ የተገኙት ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከሸዋ ብቻ ቢሆኑ እነሱ ይመርጣሉ። የጎጃም ሚሊዮኖች ወንበሩን ይሞላሉ፤ ሰውየውን ግን ሌላ ይመርጠዋል። የአዊ ወንበርም እንዲሁ አዊ ዞን ድምፅ ባልሰጠበት ምክር ቤት ሊመረጥ ይችላል።

«ቆይቶ ቀሪ ምርጫ ይደረጋል» የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ነው፣ ሊደረግ ይችላል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ በ2013 ያልተካሄደው ምርጫ በሰኔ 2016 ተካሂዷል። ሦስት ዓመት ዘግይቶ ማለት ነው። ቀሪው ምርጫ ታችኛውን ቤትና የክልሉን ምክር ቤት ይሞላል። የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላት ግን ቀድመው ለአምስት ዓመት ተመርጠው ሄደዋል። ዘግይቶ የመጣው የክልል ምክር ቤት አባል የሚመርጠው ወንበር አያገኝም።

የተወካዮች ምክር ቤት ዓመታዊ ስብሰባ የሚከፈተው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው። ከምርጫ በኋላ ከዚያ ሰኞ አስቀድሞ በየክልሉ አዲሱ ምክር ቤት ተሰብስቦ ርዕሰ መስተዳድር ይሰይማል፣ ካቢኔ ያጸድቃል፣ በዚያው ሰሞን ደግሞ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚላኩትን ሰዎች ዝርዝር ያሳልፋል። ዜናው የሚይዘው ርዕሰ መስተዳድሩን ነው። ዝርዝሩ በመጨረሻው አንቀጽ ላይ ይጠቀሳል፤ አንዳንዴም አይጠቀስም። የጎጃም አንባቢ የላይኛው ቤት ሚዛን የት እንደሚወሰን ማየት ከፈለገ ባሕር ዳር ላይ ያ ዝርዝር ሲነበብ እነማን እጃቸውን እንዳወጡ፣ ከየትኛው ዞን እንደመጡም ይመልከት።